ፈረንጅ በትልቁ ፊደል

ነገሩ የተጀመረው በፊልም ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ ከሰፈር ፊልም ቤት በፍላሽ ያስጫንነውን የድሮ ‹‹ስታር ትሬክ›› ተሰብስበን እያየን ሳለ፣ ጆሯቸው የሲኒ ማስቀመጫ የሚያህል፣ ጥርሳቸው የተወለጋገደ፣ ከትርፍ በቀር በሰማይም በምድርም ሌላ ነገር የማይታያቸው ፍጡራን ብቅ አሉ። ከመካከላችን አንዷ ‹‹ቆይ ቆይ፣ ፈረንጅ ነው ያለው?›› ብላ አስቆመችን። ወደኋላ መለስነው። ከስር የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አነበብነው። ‹‹ፈረንጊ›› ይላል። በትልቁ ኤፍ።

ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀን አለ። ምክንያቱም ይሄ የአጋጣሚ መመሳሰል አይደለም። የ‹‹ስታር ትሬክ›› ደራሲዎች እ.ኤ.አ. በ1987 አዲስ የነጋዴ ፍጡር ሲፈጥሩ ስሙን የወሰዱት ዐረቦችና ፋርሶች አውሮፓዊውን ከሚጠሩበት ቃል ነው። እኛም ቃላችንን ያገኘነው ከዚያው ምንጭ ነው። አንዱ ቃል በአንድ በኩል ተጉዞ ቦሌ ደረሰ፤ በሌላ በኩል ተጉዞ ሌላ ጋላክሲ ገባ።

የባሰው ግን የሚከተለው ነው። ኢትዮጵያን ሊጎበኙ ለሚመጡ ሰዎች በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ መጽሐፎችን ብታገላብጡ፣ ‹‹ሕፃናት ፈረንጂ እያሉ ይከተሏችኋል፣ አትደንግጡ›› የሚል ምክር አይጠፋም። እዚያ ላይ ቃሉ በትንሹ ኤፍ ነው። እንግዲህ ሥጋና ደም ያለው ፈረንጅ ትንሹ ፊደል ሲደርሰው፣ በፕላስቲክ ጆሮ የተሠራው ፈረንጅ ትልቁን ወሰደ ማለት ነው!

ለምን?

እንግሊዝኛ የተማርነው ሁላችን ‹‹የተጸውኦ ስም በካፒታል ይጀምራል›› ተብለን፣ ስንሳሳት ቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮብን ነው ያደግነው። የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ግን ለሌላ ዓለም ፍጡራን ሲሆን ደንቡ ራሱ ያወዛግባቸዋል። ኤች ጂ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1898 በመጽሐፍ ባወጣው ‹‹የዓለማት ጦርነት›› ከማርስ የመጡት ወራሪዎች በትልቁ ፊደል ነው የሚጻፉት። እዚህ ላይ ክርክር የለም፤ ማርስ የቦታ ስም ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1895 ባሳተመው ‹‹የጊዜ ማሽን›› ግን ኢሎይና ሞርሎክ የሚባሉትን የሩቅ ዘመን ፍጡራንም በትልቁ ጽፏቸዋል፤ እነሱ ግን ከእኛው ዘር የወረዱ ናቸው፣ አገራቸውም ያው እንግሊዝ ነው። ክሊንጎንና ቩልካን በትልቁ። ሰው፣ ማለት ‹‹ሂውማን››፣ በትንሹ። ቶልኪን ብቻ ነገሩን አስቦበት ይመስላል፤ ‹‹የቀለበቶቹ ጌታ›› ውስጥ ኤልፎችና ድዋርፎች በትልቁ ሲጻፉ የሰው ልጆችም አብረዋቸው ትልቁን ፊደል ያገኛሉ። እሱ ዘንድ ሰው ከብዙ ሕዝቦች አንዱ ነው እንጂ የነገሩ ሁሉ መለኪያ አይደለም።

በሌሎቹ ዘንድ ግን ትንሹ ፊደል የቤት ልብስ ነው። ባለቤቱ ቤቱ ውስጥ ስለሆነ ስሙን መለጠፍ አያስፈልገውም፤ ስም የሚለጠፈው ለእንግዳው ነው። (እዚህ ላይ ብዙ ከመከበርና ከመናቅ በፊት አንድ ነገር እናስታውስ፦ በእንግሊዝኛ ‹‹አቢሲኒያን›› የሚባል የድመት ዘር አለ፣ በትልቁ ኤ ነው የሚጻፈው። በስማችን የተጠራችው ድመት ካፒታል አላት፤ የሰው ልጅ የለውም።)

ወደ እኛ ፊደል ስንመጣ ክርክሩ ሁሉ ቦታ ያጣል። ሀ ትልቅ የለው፣ ሀ ትንሽ የለው። ‹‹ቻይና›› ብለን ስንጽፍ አገሩ ይሁን፣ መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰውዬ ይሁን፣ በሳምንቱ የሚበላሽ ቻርጀር ይሁን ፊደሉ አይነግራችሁም። እንግሊዝኛ አገሩን ከሸክላ ሳህኑ በትልቁና በትንሹ ሲ ይለያል፤ እኛ በዐረፍተ ነገሩ እንለያለን፣ አንዳንዴም አንለይም።

ይሁንና የእኛ ጽሕፈት ለስም ክብር መስጫ አጥቶ አያውቅም። የብራና መጽሐፍ ገልጦ ያየ ሰው ያውቀዋል፦ ቀይ ቀለም። ጸሐፊው ጽሑፉን በጥቁር ሲያወርድ ይቆይና የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችን፣ የቅዱሳን ስም ጋ ሲደርስ ቀለም ይለውጣል። ብዙ ጊዜ ቦታውን ባዶ ትቶ ያልፍና በኋላ ተመልሶ በቀይ ይሞላዋል። ዛሬ የሚታተሙ የጸሎት መጽሐፎችም ይህንኑ ልማድ ይዘውታል፤ ታክሲ ውስጥ ከጎናችሁ የተቀመጡት እናት የሚደግሙትን ውዳሴ ማርያም ሰረቅ አድርጋችሁ ብታዩ ቀዩን ታገኙታላችሁ።

ታዲያ በቀይ የሚጻፈው የሰማይ ስም ብቻ አልነበረም። መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ስምም በቀይ ይገባል። ገንዘቡን ከፍሎ፣ ቆዳውን አቅርቦ፣ ጸሐፊውን ቀልቦ ያስጻፈ ሰው በየጸሎቱ ማብቂያ ‹‹እገሌን ጠብቀው›› በሚለው ቦታ ስሙ ከቅዱሳኑ ጋር እኩል ይቀላል። መጽሐፉ ሲሸጥ ወይም በሌላ መንገድ እጅ ሲለውጥ የአዲሱ ባለቤት የመጀመሪያ ሥራ ምን ይመስላችኋል? የፊተኛውን ስም ፍቆ የራሱን ማስገባት! በየቤተ መጻሕፍቱ ባሉ ብራናዎች ላይ ይህ ፍቅፋቂ አሁንም ይታያል። የእንግሊዝኛው ካፒታል የሚጠይቀው ‹‹ይሄ ስም ነው ወይስ አይደለም?›› ብሎ ነው፤ ስም እስከሆነ ድረስ ሰይጣንም በትልቁ ኤስ ይጻፋል። ቀዩ ቀለም የሚጠይቀው ግን ‹‹ይህ ስም ለእኛ ማን ነው?›› ብሎ ነው። ባዕድ የሆነ ሕዝብ፣ ስሙ የቱንም ያህል የተጸውኦ ቢሆን፣ በጥቁሩ መሐል ያልፋል።

ከእነዚህ በጥቁር ካለፉት አንዱ ፈረንጅ ነው። የቃሉ መነሻ ፍራንኮች ናቸው፤ የዛሬዋ ፈረንሳይ በስማቸው የተጠራችላቸው ሕዝቦች። እ.ኤ.አ. ከ1096 ጀምሮ የመስቀል ጦረኞች ወደ ኢየሩሳሌም ሲጎርፉ ዐረቦች ከየትኛውም የምዕራብ አገር የመጣውን ሁሉ በፍራንኮች ስም ጠሩት። ከዚያ በኋላ ቃሉን የሚያቆመው አልተገኘም። ፋርስ ‹‹ፈረንግ›› አለ፣ ህንድ ‹‹ፊራንጊ›› አለ፣ ታይላንድ ዛሬም ‹‹ፋራንግ›› ይላል። እኛ ዘንድም ቆየት ያለ ነው። በ1520 ምጽዋ ከደረሰው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ያህል አገራችን ኖሮ ተመልሶ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ እዚህ ያሉ አውሮፓውያን ሁሉ ፍራንክ እየተባሉ እናገኛቸዋለን። ፖርቱጋላዊው ፍራንክ፣ ጣሊያናዊው ፍራንክ። ፈረንሳይና ፈረንጅ በአማርኛችን ሁለት ቃል ሆነው ይኑሩ እንጂ አያታቸው አንድ ነው፤ አንደኛዋ አገርና ሌጋሲዮን አገኘች፣ ሌላው መንገድ ላይ የሚጮኽ ስም ሆኖ ቀረ። (ከላይ ‹‹እ.ኤ.አ.›› እያልን የደረደርናቸውን ዓመቶች ሬዲዮው ‹‹በፈረንጆች አቆጣጠር›› ይላቸዋል። ጎርጎርዮስ የሚባለው ጳጳስ ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?)

ይህ የሕዝብ ስም ወደ ተራ ስም የመውረድ ነገር በፈረንጅ አልቆመም። የአዲስ አበባ አረጋውያን የድሮውን የሰፈር ሱቅ ‹‹አረብ ቤት›› ይሉታል፤ ከየመን የመጡ ሰዎች የሚነግዱበት ስለነበር ነው። የህንድ ነጋዴ ሁሉ ‹‹ባንያን›› ነበር፤ ባንያን ግን በህንድ የአንድ የነጋዴ ወገን መጠሪያ እንጂ የሕዝቡ ሁሉ ስም አይደለም። እንግዲህ የ‹‹ስታር ትሬክ›› ደራሲዎች ‹‹እስቲ ነጋዴነቱን አንድ ዝርያ እናድርገው›› ከማለታቸው በፊት የእኛ ሰፈር አድርጎት ነበር።

በአማርኛ ሕዝብን ከተራ ነገር የምንለይበት ሌላም መንገድ አለን፤ ከግዕዝ የወረስነው ‹‹-ውያን››። ግብጻውያን፣ ሮማውያን፣ ኢትዮጵያውያን። ይህቺ ቅጥያ የገባችበት ስም አገርና ታሪክ ያለው ሕዝብ ሆኖ ይሰማል። ለዚህ ነው ጋዜጣው ‹‹ቻይናውያን ባለሀብቶች›› ሲል መንገዱ ‹‹ቻይናዎች›› የሚለው። ለዚህም ነው ‹‹ማርሳውያን›› ስንል ሳናስበው መታወቂያ የሰጠናቸው የሚመስለን፤ ‹‹የማርስ ፍጡሮች›› ስንል ደግሞ የነፍሳት ማጥፊያ የምንፈልግ። ‹‹ፈረንጃውያን›› ያለ ሰው ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የለም፤ ፈረንጅ መቼም ፈረንጆች ነው። መቼም ይህ ደንብ ፍጹም ነው ብለን አንምልም፤ ኦሮሞዎች፣ ጉራጌዎች፣ አማሮች እንላለን፣ ማንንም ከሕዝብነት አላወረድንም። ቋንቋ እንደ ቀበሌ መዝገብ አይደለም።

ከቅጥያውም በላይ ግን የአማርኛ ካፒታል ያለው ግሱ ውስጥ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ‹‹መጣ›› እና ‹‹መጡ››። የትርጉም ፊልም የምታዩ ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ የሌላ ዓለም ፍጡር ከመርከቡ ሲወርድ ተርጓሚው በግማሽ ሰከንድ ውስጥ አንድ ከባድ ውሳኔ መወሰን አለበት፤ አንተ ይበለው ወይስ እርስዎ? እንግሊዝኛው አያግዘውም፤ በእንግሊዝኛ ሁሉም ‹‹ዩ›› ነው፣ ካፒታሉም በጆሮ አይሰማም። ብዙውን ጊዜ የምንሰማው ምንድን ነው? አራት መቶ ዓመት የኖረው፣ የሺህ ከዋክብት አምባሳደር የሆነው አረንጓዴ ሽማግሌ ‹‹አንተ ማነህ?›› ይባላል። የሰው ልጅ የሆነው ጄኔራል ግን ‹‹ምን ያዛሉ ጌታዬ?››። ፊደሉ ምንም አላለም፤ ልዩነቱን ግሱ ጨርሶታል።

‹‹ይሄ ሁሉ ለአንድ ፊደል?›› የሚለን አይጠፋም። ለአንድ ፊደል የታገሉ ሰዎች አሉ። ዱ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1899 ስለ ፊላደልፊያ ጥቁሮች ባሳተመው ጥናት የሕዝቡን የዚያን ጊዜ መጠሪያ በትልቁ ኤን ሲጽፍ፣ ስምንት ሚሊዮን አሜሪካውያን አንድ ካፒታል ይገባቸዋል ብሎ ማብራሪያ አክሎበታል። ያኔ አብዛኛው ጋዜጣ በትንሹ ነበር የሚጽፈው። ‹‹ኒው ዮርክ ታይምስ›› ወደ ትልቁ ፊደል የተሻገረው በ1930 ነው። ዘመኑ ተለውጦ መጠሪያውም ‹‹ብላክ›› ሲሆን ትግሉ እንደ አዲስ ተጀመረ፤ አሶሺየትድ ፕሬስ ቃሉን በትልቁ ቢ ለመጻፍ የወሰነው በ2020 ነው። ለእነዚህ ሰዎች ትንሹ ፊደል የቤት ልብስ አልነበረም። ‹‹እናንተ ዓይነት ናችሁ እንጂ ሕዝብ አይደላችሁም›› የሚል ማስታወቂያ ነበር።

የፊልሙ ዓለምም ይህን አይቶታል። በደቡብ አፍሪካዊው ኒል ብሎምካምፕ ዳይሬክተርነት በ2009 የወጣው ‹‹ዲስትሪክት ናይን›› ጆሃንስበርግ ላይ የቀሩ የሌላ ዓለም ስደተኞችን ያሳያል። ሰው የሚጠራቸው ‹‹ፕሮውን›› እያለ ነው፤ ዓሣ ገበያ በሚሸጥ ነገር ስም። የራሳቸውን ስም ማንም አይጠይቃቸውም። ብሎምካምፕ ከዚያ በፊት በ2005 በሠራው አጭር ፊልም ላይ ስለ ፍጡራኑ በምሬት የሚናገሩት የመንገድ ላይ ሰዎች በእውነቱ የተጠየቁት ከሌላ የአፍሪካ አገር ስለመጡ ስደተኞች ነበር። መልሱን ቆርጦ ከፍጡራኑ ምስል ጋር ገጠመው፤ አንድ ቃል መለወጥ አላስፈለገውም። ሁለተኛው ፊልም ከመውጣቱ አንድ ዓመት በፊት፣ በግንቦት 2000 ዓ.ም.፣ በዚያችው አገር በስደተኞች ላይ በተነሳው ጥቃት ከ60 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ከእኛ ሰፈርም ደቡብ አፍሪካ ወንድም የሌለው ቤት ጥቂት ነው።

አሜሪካም ብትሄዱ ሕጉ ዜጋ ያልሆነውን ሰው የሚጠራው ‹‹ኤሊየን›› ብሎ ነው። ዲቪ የደረሰው ጎረቤታችን የኤሊየን ቁጥሩን ሲቀበል እናቱ እልል ብለዋል።

እኛስ? ካፒታል ስለሌለን በትንሹ ጽፈን ያዋረድነው ሕዝብ የለም። በስሙ ግን አዋርደናል። ባለቤቶቹ የማይወዷቸው፣ ሌላው የለጠፈባቸው የሕዝብ ስሞች ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ከመንግሥት ጽሑፍ እንዲጠፉ ሆኗል፤ በተረትና በስድብ ውስጥ ግን ገና አሉ። ከሁሉም ለርእሳችን የሚቀርበው ‹‹ፈላሻ›› ነው። ቃሉ ‹‹ፈለሰ›› ከሚለው ግስ ጋር ይሄዳል፤ ከቦታው የተነቀለ፣ መጻተኛ እንደ ማለት። ጎንደርና አካባቢዋ ለዘመናት የኖሩ፣ ሸክላ የሚሠሩ፣ ብረት የሚቀጠቅጡ ሰዎች በገዛ አገራቸው ስማቸው ‹‹እንግዳ›› ነበር። እነሱ ራሳቸውን የሚሉት ቤተ እስራኤል ነው። የውጭ ጋዜጦች ስለነሱ ሲጽፉ ለዓመታት ‹‹ፈላሻ›› ይሉ ነበር፤ ታዲያ በሥርዓቱ፣ በሰዋስው ደንብ፣ በትልቁ ኤፍ። ፊደሉ የሚገባውን ክብር ሰጠ፤ ስሙ ግን ያው መጻተኛ ነው።

ከእነሱ ብዙዎቹ አገሩን የለቀቁት ከቦሌ ነው። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው፣ ‹‹ዘመቻ ሰለሞን›› በተባለው ሥራ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ያህል ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ እስራኤል ተጓዘ። ወንበሩ ከተነቀለለት አንድ አውሮፕላን ከሺህ በላይ ሰው የጫነ ነበር። ተጓዦቹ ቁጥር ያለበት ወረቀት ግንባራቸው ላይ ተለጥፎ ይታያሉ። ከተማው ውስጥ እንግዳ ተብለው የኖሩ ሰዎች በሰማይ መርከብ ሲሄዱ፣ ለሳይንስ ልብ ወለድ የቀረ ነገር የለም። እዚያ ሲደርሱ ደግሞ ምን ተባሉ? ‹‹ኢትዮጵያውያን››።

ከዚያው አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ቦሌ ለሚ ነው። የእርሻ መሬት የነበረው ቦታ ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሼዶች ሥራ ሲጀምሩ የህንድ፣ የኮሪያ፣ የታይዋን ኩባንያዎች ገቡ። ስሙ የኦሮምኛ ነው። በቁቤ ሲጻፍ እንደማንኛውም የቦታ ስም ሁለቱም ቃሎች በትልቁ ፊደል ይጀምራሉ፤ ኦሮምኛ እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ ካፒታል ካላቸው የአገራችን ቋንቋዎች አንዱ ነው። በኦሮምኛ ‹‹ላሚ›› የሚል ቃል አለ፤ ዜጋ፣ ወገን ማለት ነው። የባዕድ ተቃራኒ መሆኑ ነው።

አንድ ቀን በፈረቃ መውጫ ሰዓት እዚያ ቆመን ነበር። ልብስ የሚሰፉት ልጆች፣ አብዛኞቹ ከእኛ የሚያንሱ፣ በቡድን በቡድን ይወጣሉ። ከባሕር ማዶ ስለመጡት ተቆጣጣሪዎች አማርኛ ጠየቅናቸው። አንዷ እየሳቀች ዘረዘረችልን፦ ‹‹ነይ፣ ሂጂ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ይሄ ጥሩ አይደለም።›› በቃ? በቃ። ‹‹እናንተስ ምን ትሏቸዋላችሁ?›› አልናት። ‹‹ፊት ለፊት ሚስተር ነው። እርስ በርሳችን ስናወራ... ቻይናው።›› ከየት ነው ሰውዬው? ‹‹ከኮሪያ።››

ያ ‹‹ቻይና›› ይሁን ሌላ አላወቅንም፤ ከበሩ ማዶ አንድ ጎልማሳ ሰው መኪናውን አቁሞ ሙዝ ከሚሸጡ ሴትዮ ፊት ቆሞ ነበር። ሁለት ልጆች ‹‹ቻይና! ቻይና!›› እያሉ ይዞሩታል። ሴትዮዋ ልጆቹን በእጃቸው ገፋ አደረጉና ፌስታላቸውን ከፍተው ቀና አሉ።

‹‹ጋሼ ቻይና፣ ስንት ኪሎ ላድርግልዎ?››

‹‹ሁለት›› አላቸው።